አዲስ የመስክ መኪና ለወሎ መንገድ ያዋጣል? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ደሴ ላይ ጠንካራ መኪና ለመግዛት ያሰበ ሰው መጀመሪያ ደላላ ያናግራል፣ ቀጥሎ መካኒክ ያማክራል፣ ቀብድ ሊከፍል አንድ ቀን ሲቀረው ደግሞ ወደ እኔ ይደውላል። ሻጭም ደላላም አይደለሁም። ከሃያ ዓመት በላይ በመስክ ሥራ ሾፌር ነበርኩ፤ ከወረኢሉ እስከ ሰቆጣ፣ ከባቲ ቆላ እስከ ደላንታ ደጋ ያልገባሁበት ወረዳ ጥቂት ነው። የሚጠይቁኝ ነገር ከሰው ሰው ብዙም ስለማይለያይ እዚህ ሰብሰብ አድርጌ ጽፌዋለሁ። ዋጋ ግን አልጻፍኩም፤ ከሐምሌ 2016 ወዲህ ምንዛሪው በገበያ ስለሚወሰን ዛሬ የጻፍኩት ቁጥር ሳምንት አይዘልቅም።

በአጭሩ ይንገሩኝ፤ ልግዛ ወይስ ልተወው?

ኑሮዎ ደሴ፣ ኮምቦልቻ ወይም ወልድያ ከተማ ውስጥ ከሆነ፣ ገጠር የሚወጡትም ለለቅሶ፣ ለሠርግ፣ መስከረም 21 ለግሸን ወይም ለመውሊድ ብቻ ከሆነ ይተዉት። በዓመት አሥር ቀን ለማይሞላ ጭቃ ብሎ የቀረውን ቀን ሁሉ አስፋልት ላይ ነዳጅ መጨረስ ነው ትርፉ። ለእነዚያ ቀናት አንድ ሃርድ ቶፕ፣ ባለ 70 ቁጥሩን የድሮ ላንድክሩዘር፣ ከነሾፌሩ መከራየት በስንት ጣዕሙ!

ሥራዎ እህል መሰብሰብ፣ የውሃ ጉድጓድ ማስቆፈር ወይም የእንስሳት መድኃኒት ማከፋፈል ከሆነና በሳምንት ሁለት ሦስቴ ከአስፋልት የሚወርዱ ከሆነ ግን ጠንካራ መኪና የእንጀራ ጉዳይ ነው፤ ይግዙ። እኔ የማልስማማው «አዲስ» በምትለዋ ቃል ነው። ወሎ ውስጥ መኪናን የሚያኖረው የሚጠግነው ሰው ነው። ደሴ ላይ ፈትቶ የሚገጥመው የሌለ መኪና፣ ጉልበቱ የፈለገውን ያህል ቢሆን፣ አንድ ቀን ተንታ ላይ ሸራ ለብሶ ይቀራል።

አዲስ የናፍጣ ወይም የቤንዚን መኪና ከውጭ ማስመጣት ይቻላል?

ከ2016 ዓ.ም. አጋማሽ ጀምሮ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የግል አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከልክሏል። ስለዚህ ደላላው «ዜሮ ኪሎ ሜትር ነው» እያለ የሚያሳይዎት ላንድክሩዘር ምናልባት ከክልከላው በፊት የገባና ቆሞ የቆየ ነው፤ ምናልባትም ከቀረጥ ነፃ በሆነ መብት የገባ ነው። ሁለተኛው ከሆነ ቀረጡ ሳይከፈል ስም አይዛወርም። ይህን ሳያጣሩ ገንዘብ የሰጡ ሰዎች ቁልፉ እጃቸው ላይ እያለ ሊብሬው ሳይዞርላቸው ዓመት ሲጉላሉ አይቻለሁ።

ያገለገለ መኪና ማስገባት ደግሞ ከዚያም በፊት ከብዶ ነበር። በ2012 የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 አሮጌ መኪና ላይ እስከ 500 በመቶ ጭኗል። «ሃይብሪድ ይገባል»፣ «ለሥራ መኪና ፈቃድ እናወጣለን» የሚል ሰው ካጋጠመዎ ቀብድ ሳይሰጡ መጀመሪያ ኮምቦልቻ ጉምሩክ ሄደው ይጠይቁ። ከደሴ ቁልቁል ሃያ ምናምን ኪሎ ሜትር ብቻ ነው፤ ለታክሲ የሚያወጡት ገንዘብ ከቀብዱ አይበልጥም።

ስልክ ላይ የማያቸው አዲሶቹ ጠንካራ መኪኖች እንዴት ናቸው?

ጥሩ ናቸው። ችግሩ ጥሩነታቸው የተለካው ሌላ አገር መሆኑ ነው።

ላንድክሩዘር 250፣ አዲሱ ፕራዶ ማለት ነው፣ በነሐሴ 2023 እ.ኤ.አ. ነው ለዓለም የታየው። ሻንሲው፣ አካሉን ከሥር የሚሸከመው የብረት አጽም፣ ከትልቁ ላንድክሩዘር 300 ጋር አንድ ዓይነት ነው፤ 2.8 ሊትር የናፍጣ ሞተሩ ባለ ተርቦ ነው፤ መሪው በኤሌክትሪክ ይታገዛል። በዚህ መኪና ጉልበት የሚከራከር የለም። ግን ናፍጣውን ከ1,500 ባር በላይ በሆነ ግፊት ነው በኢንጀክተር የሚረጨው። እንዲህ ያለው ኢንጀክተር የበርሜል ናፍጣ አይወድም። መካነ ሰላም ላይ ማደያው ደርቆ፣ ከሱቅ በጀሪካን ገዝተው፣ በጨርቅ አጥልለው ቀድተው ያውቃሉ? እኔ ስንቴ! ጨርቁ ጉድፉን ያስቀራል፤ ውሃውን ግን አያስቀርም።

አዲሱ ዲፌንደር የድሮው ላንድሮቨር ስም ይኑረው እንጂ ሻንሲ የለውም፤ አካሉ እንዳለ አንድ ወጥ ሆኖ በአሉሚኒየም የተሠራ ነው። 90 ሳንቲ ሜትር ውሃ ውስጥ ይገባል ይባልለታል፤ እውነትም ነው። ነገር ግን ከኤሌክትሮኒክሱ አንዷ ሽቦ ስትቀልጥ ኮምፒውተሩን ሰክቶ የሚያነብልዎት ሰው አዲስ አበባ ነው ያለው፣ 400 ኪሎ ሜትር። ግሬናዲየር የሚባለው ደግሞ የድሮውን ዲፌንደር የሚመስል፣ የቢኤምደብሊው ሞተር የተገጠመለት፣ ፈረንሳይ የሚገጣጠም መኪና ነው። ወሎ ውስጥ አንድም አላየሁም፤ ስለማላየው መኪና መለዋወጫ ምን ልበልዎት። ቻይናዎቹ ታንክ 300 እና ቢጄ 40 በሻንሲ ላይ የተሠሩ በመሆናቸው ከሌሎቹ የቻይና መኪኖች ይሻላሉ፤ የእነሱም ጣጣ ያው የመለዋወጫ ነገር ነው።

ከሁሉም ልቤ የሚያደላው ለትንሿ ሱዙኪ ጂምኒ ነው። የ2018ቷ እ.ኤ.አ. ሞዴል 1.5 ሊትር ቤንዚን ነች፤ ሻንሲ አላት፤ የፊትም የኋላም አክስሏ ወጥ ብረት ነው፤ ክብደቷ 1,100 ኪሎ ገደማ ብቻ። ጭቃ ሲይዛት አራት ጎረምሳ ገፍቶ ያወጣታል። ገበያ ቀን በአህያና በግመል መሐል እንደ ባጃጅ ትሽሎከለካለች። ጉድለቷ? ከኋላ አንድ ኩንታል ጤፍ ከጫኑ የሰው ቦታ አለቀ። ታንከሯም 40 ሊትር ብቻ ስለሆነ ሩቅ ለሚሄድ ሰው ጀሪካን ግድ ነው። ሀኪም፣ ቀያሽ ወይም አስተማሪ ለሆነ፣ ብቻውን ለሚጓዝ ሰው ግን ከዚህች በላይ አልመክርም።

ከፍታው መኪና ላይ ምን ያደርጋል? ሻጩ «130 ፈረስ ጉልበት አለው» ብሎኛል።

ባሕር ዳርቻ ላይ አለው። ጅቡቲ ወደብ ላይ ልክ ነው። ነዳጅ የሚቃጠለው በአየር ነው፤ ወደ ላይ በወጡ ቁጥር አየሩ ይሳሳል። ደሴ 2,500 ሜትር አካባቢ ላይ ስለሆነች ተርቦ የሌለው ሞተር ከጉልበቱ ሩብ ያህሉን እዚህ ጥሎ ነው የሚሄደው። ጉጉፍቱ ላይ፣ ከ3,000 ሜትር በላይ ማለት ነው፣ ሲሶው ሄዷል ይበሉ። ስለዚህ ያ 130 የተባለው ደሴ ፒያሳ ላይ መቶ አይሞላም።

ተርቦ ያለው ሞተር አየሩን አምቆ ስለሚያስገባ ይህ ብዙም አይሰማውም። አሮጌው ሃርድ ቶፕ ላይ ያለው 4.2 ሊትር ዋን ኤች ዜድ ግን ተርቦ የለውም፤ ሐረጎን፣ ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ ያለውን ዳገት፣ ሲወጣ ከኋላው የተሰለፈውን አይሱዙ ሾፌር ጥሩምባ መታገስ ነው። አይፍሩት፤ ቀስ ብሎም ቢሆን ይወጣል። ይልቅ የሚያስፈራው መውረዱ ነው። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ከ600 ሜትር በላይ ቁልቁለት ነው፤ ከጣርማ በር እስከ ሸዋሮቢት ደግሞ ከ3,000 ሜትር በላይ ተነስተው 1,280 ላይ ይደርሳሉ። ፍሬን እየረገጡ የሚወርዱ ከሆነ ደብረ ሲና ሳይደርሱ ሽታው ይነግርዎታል። የወጡበትን ማርሽ ይዘው ይውረዱ፤ አውቶማቲክም ቢሆን ማርሹን በእጅ ዝቅ ያድርጉት።

እንግዲያው ኤሌክትሪክ ልግዛ? የሚገባው እሱ ብቻ ነው ይላሉ።

ይህን ጥያቄ ከሁለት ዓመት በፊት ቢጠይቁኝ እስቅ ነበር። ዛሬ አልስቅም። የኤሌክትሪክ ሞተር አየር አይፈልግም፤ ጉጉፍቱም ላይ ጅቡቲም ላይ ጉልበቱ አንድ ነው። ሐረጎን ሲወጣ ያየሁት አንድ አይዲ 4 የሚባል የኤሌክትሪክ መኪና ቪ ኤይቱን ላንድክሩዘር ትቶት ሄደ። ቁልቁለት ላይም ሞተሩ ዞሮ ባትሪ ስለሚሞላ ፍሬኑ ሳይግል ይወርዳል። ሁለት ቶን መኪና ከኮምቦልቻ ደሴ ለመውጣት ለዳገቱ ብቻ 3.5 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ይበላል፤ ሲወርድ ከግማሽ በላዩን መልሶ ይለቅማል። ናፍጣ እንዲህ ሲያደርግ ማን አይቶ ያውቃል?

አንድ ነገር ብቻ ይጠንቀቁ። ደሴ አድረው ባትሪውን እስከ መቶ ሞልተው ወዲያው ወደ ኮምቦልቻ ከወረዱ፣ የሞላ ባትሪ ተጨማሪ አይቀበልምና ያ በሞተር የሚይዘው ፍሬን ይቀንሳል። እግርዎ የለመደውን ሲያጣ ይደነግጣል። ቁልቁለት ካለብዎ ሰማንያ ዘጠና ላይ ይንቀሉት።

ለከተማና ለአስፋልት እንግዲህ ይህ ነው፤ ያዋጣል። ለመስክ ግን አይሆንም፤ ቢያንስ ለጊዜው። ከአዲስ አበባ ደሴ 400 ኪሎ ሜትር ነው፤ በመቶ ኪሎ ሜትር 18 ኪሎዋት ሰዓት ቢበላ 72 ይፈልጋል፤ አብዛኞቹ ባትሪዎች ከዚያ በታች ናቸው። መንገድ ላይ መሙላት አለብዎ። ቤት ውስጥ በተራ ሶኬት ደግሞ ባዶውን ባትሪ ለመሙላት ከሃያ ሰዓት በላይ ይፈጃል፤ ያውም መብራት ካልሄደ። ከቻይና ገበያ የመጣ መኪና ሶኬቱም የቻይና ነው፤ ለአውሮፓ የተሠራው ቻርጀር አይገባለትም፤ ይህን ሳይጠይቁ አይግዙ። ከሁሉም በላይ ባትሪው ከወለሉ ሥር ነው ያለው። ኮረኮንች መንገድ ላይ ከመሬት የሚነሳ ድንጋይ ናፍጣ መኪና ላይ ካርተሩን፣ የሞተር ዘይት መያዣውን፣ ቢመታ መካኒኩ በይዶ ይዘጋዋል። ባትሪውን ቢመታስ?

እውነተኛ ጭቃ የሚገቡ የኤሌክትሪክ መኪኖች አሉ። የመርሴዲሱ ጂ ዋገን በ2024 እ.ኤ.አ. በኤሌክትሪክ ወጥቷል፤ ከሦስት ቶን በላይ ይመዝናል። ጃማ ላይ ሦስት ቶን ጭቃ ሲውጥ ማየት አልፈልግም።

አሮጌ ሃርድ ቶፕ ይሻላል ሲባል የምሰማው ልማድ ነው ወይስ እውነት?

ልማድም እውነትም ነው። ባለ 70 ቁጥሩ ላንድክሩዘር በ1984 እ.ኤ.አ. ነው የወጣው፤ ዋን ኤች ዜድ ሞተሩ በ1990 ገባ፤ ከዚያ ወዲህ ቶዮታ ለእኛ ዓይነት አገሮች ሲሠራው ኖሯል። ያ ማለት የሠላሳ ዓመት መለዋወጫ ከሶማሌ ተራ እስከ ደሴ ቧንቧ ውሃ ድረስ ተበትኗል ማለት ነው። ናፍጣውን የሚረጨው ፖምፓ መካኒካል ነው፤ ኮምፒውተር አይጠይቅም። የኋላው ባሌስትራ፣ ተደራርቦ የታሰረው የብረት ቅጠል፣ ቢሰበር ወልድያ ላይ ብረት ቀጥቃጩ ሳይቀር ቅጠሉን አስተካክሎ ይመልሰዋል።

የጎማውን ነገርም ልጨምር። ሃርድ ቶፕ የሚያደርገው 7.50 በ16 ጎማ አይሱዙዎቹም የሚያደርጉት ልክ ነው። የትም ቦታ፣ ጎሚስታ ያለበት ሁሉ፣ ካላመዳሪው አለው። አዲሶቹ መኪኖች 18 እና 20 ቸርኬ ይዘው ነው የሚመጡት፤ አንዷ ጎማ ከጎኗ ብትቀደድ ከአዲስ አበባ እስኪመጣልዎ መኪናዋ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ትጠብቃለች።

ጉድለቱን ሳልደብቅ ልንገርዎ። ነዳጅ ይጠጣል፤ በሊትር ሰባት ስምንት ኪሎ ሜትር ከሄደ ጥሩ ነው። ከኋላ ያለው የጎንዮሽ አግዳሚ ወንበር ልጅ ያስታውካል፤ ቤተሰብ ይዘው አዲስ አበባ ለመሄድ ካሰቡ ጣርማ በር ላይ ፌስታል ያዘጋጁ። ኤርባግ የሌላቸው ብዙ ናቸው። በአስፋልት በፍጥነት ሲታጠፉበት ይገለበጣል፤ ይህን የምለው ለማስፈራራት አይደለም፤ የማውቃቸውን ሾፌሮች ቀብሬያለሁ።

ፎር ዊል ካለው ጭቃ አይይዘውም አይደል?

ይይዘዋል። ፎር ዊል ያለው መኪና ከሌላው የሚለየው ራቅ ብሎ ሄዶ መያዙ ነው።

የራሴን ላውራ። ሥራ በጀመርኩ በመጀመሪያው ክረምት፣ ሐምሌ ውስጥ፣ ወደ ደጎሎ ስንሄድ ዋልካው ያዘን። የጃማን ዋልካ የማያውቅ ሰው ጭቃ አውቃለሁ አይበል፤ ጥቁር ነው፣ ጎማው ላይ እንደ ሊጥ ይጠቀለላል፣ የጎማው ጥርስ በአንድ ዙር ይሞላና እንደ ዱባ ለስልሶ ይቀራል። ፎር ዊሉን አስገባሁ፤ ነዳጁን ረገጥኩት። የኋላ ጎማዎቹ ይፈተላሉ፤ መኪናው ወገቡ ድረስ ይሰምጣል። የእርሻ ሰዎች መጡ፤ ድንጋይ አመጡ፣ ቅጠል አነጠፉ፣ ገፉ። አንድ ሰዓት ሙሉ። ተሳፋሪዎቼ ዝም ብለው ጫማቸውን ያያሉ።

አንድ ሽማግሌ ዳር ላይ ቋጥኝ ላይ ተቀምጠው፣ ጋቢያቸውን ተከናንበው ያዩናል። መጨረሻ ላይ ብድግ አሉና በበትራቸው የፊቱን ጎማ እያመለከቱ፣ «አንተ ልጅ፣ የፊተኞቹ'ኮ አይጎትቱም» አሉኝ። ሕይወታቸውን በሙሉ በሬ ጠምደው ያረሱ ሰው ናቸው፤ የትኛው እንደሚጎትትና የትኛው እንደሚያስመስል ሲያዩ ያውቃሉ። ወርጄ አየሁ። በእነዚያ አሮጌ መኪኖች የፊት ጎማ መሐል ላይ በእጅ የምትዞር መቆለፊያ አለች፤ እሷን ሳትቆልፍ ውስጥ ያለውን ማርሽ ብታስገባ የፊቱ አክስል ባዶውን ነው። ሁለቱንም ቆለፍኩ፤ በከባድ ማርሽ፣ ነዳጅ ሳልረግጥ፣ ቀስ እያለ ወጣ። ብር ልሰጣቸው እጄን ኪሴ ስከት «አብሽር፣ አብሽር፤ ይልቅ ቡና ፈልቷል» አሉን። በረካውን ጠጥተን ነው የሄድነው።

ስለዚህ መኪናውን ሲገዙ ያቺ መቆለፊያ በእጅ ናት ወይስ ራሷ የምትቆልፍ፣ ይጠይቁ። በእጅ ከሆነች ከአስፋልት ሲወርዱ ይቆልፉ እንጂ ጭቃው መሐል ወርደው እስከ ጉልበትዎ አይነከሩ። ደረቅ አስፋልት ላይ ግን ፎር ዊሉን አስገብተው አይንዱ፤ የፊቱና የኋላው በመታጠፊያ ላይ እኩል ስለማይዞሩ ማርሹ ተጨናንቆ ይሰበራል። ሁልጊዜ በአራቱም የሚነዱት፣ እንደ ፕራዶ ያሉት፣ መሐል ላይ ሌላ ዲፈረንሻል ስላላቸው ይህ አይመለከታቸውም።

የጎማ ንፋስ ስንት ይሁን?

አስፋልት ላይ በሩ ጠርዝ ላይ የተጻፈውን ይሙሉ። ጭቃና አሸዋ ላይ ወደ 22 ፒ ኤስ አይ ያውርዱት፤ ጎማው ተዘርግቶ መሬቱን ይይዛል። ከዚያ የግድ መልሰው መንፋት ስላለብዎ ከሲጋራ መለኮሻው የምትሠራ ትንሽ ኮምፕሬሰር ይግዙ። ከዊንችም፣ ከጣሪያ ላይ መብራትም፣ ከዚያ ሁሉ ጌጥ በፊት እሷን።

ወንዝ ስሻገር?

መጀመሪያ ቆሞ ማየት። የአገሩ ሰው በየት በኩል እንደሚሻገር ይዩ፤ ማንም ካልተሻገረ እርስዎም አይሻገሩ። የራያ ቆላና የባቲ ወንዞች ጠባያቸው አንድ ነው፦ ፀሐይ ወጥቶ፣ አሸዋው ደርቆ፣ ልጆች ፍየል እየጠበቁበት እያለ ደጋ ላይ የዘነበው ዝናብ ደራሽ ሆኖ በአንዴ ይመጣል። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው የሚባለው እንዲህ ዓይነቱን ነው። ክረምት ላይ የሰማይ ጥቁረት ከምሥራቅ ሳይሆን ከምዕራብ፣ ከደጋው በኩል፣ ነው የሚታየው።

ለባለ 70ው ላንድክሩዘር ፋብሪካው የሚለው 70 ሳንቲ ሜትር ነው፤ ከጉልበትዎ በላይ ማለት ነው። ያ ግን ለቆመ ውሃ ነው። ለሚሮጥ ውሃ ግማሹም ብዙ ነው። ሞተሩ ውሃ ጠጥቶ ከጠፋ እባክዎን ቁልፉን ደግመው አያዙሩት፤ ውሃ አይታመቅምና ቢየላውን፣ የፒስተኑን ዘንግ፣ ያጣምመዋል፣ ከዚያ የሞተር ወጪ ነው። ጎትተው ያውጡና መካኒክ ኢንጀክተሩን ፈትቶ ያፍስሰው። በማግስቱም የዲፈረንሻሉን ዘይት ያሳዩ፤ ወተት የገባበት ሻይ መስሎ ከወጣ ይቀየር።

ያገለገለ ስገዛ ምኑን ልይ?

ቀለሙን አይዩ፤ ቀለም በሦስት ቀን ይቀባል። ሻንሲውን ተኝተው ይመልከቱ፣ የብየዳ ምልክት ካለ የተገለበጠ ወይም የተጋጨ ነው። የሻንሲና የሞተር ቁጥሩን ከሊብሬው ጋር በፊደል በፊደል ያመሳክሩ። በ2014 ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ከደረሰ ወዲህ ባለቤቱ ሳያውቀው እጅ የቀየረ መኪና ስላለ፣ ሊብሬው ላይ ያለው ሰው ራሱ ካልመጣ ወይም ሕጋዊ ውክልና ካልቀረበ ይተዉት።

ጠዋት፣ ሞተሩ ሳይሞቅ፣ ራስዎ ያስነሱት። ሻጩ አስቀድሞ ካሞቀው ይመለሱና በሌላ ቀን ይምጡ። ከዚያ ሐረጎን አስወጥተው ያሽከርክሩት። ነጭ ጭስ፣ ጥቁር ጭስ፣ ሰማያዊ ጭስ፣ ሁሉም ዳገት ላይ ነው የሚታየው። ፍሪሲዮኑ የሚያንሸራትት ከሆነም እዚያው ይለያል፤ ሞተሩ ይጮኻል፣ መኪናው አይፈጥንም። ፎር ዊሉንና ከባዱን ማርሽ አስገብተው ያስወጡ፤ ለብዙ ዓመት ያልተነካ ማንሻ ዝጎ ይደርቃል። የቆጣሪው ኪሎ ሜትር ላይ ብዙ አይመኑ፤ የፍሬን ፔዳሉ ላስቲክ ምን ያህል አልቋል የሚለው የበለጠ እውነት ይናገራል።

ፒክአፕ ደብል ጋቢናስ?

ለነጋዴ ጥሩ ነው፤ ሰውም ጭነትም ይይዛል። ባዶውን ሲሆን ግን የኋላው ቀላል ስለሆነ ኮረኮንች ላይ ይዘላል፤ ዳገት ላይም ጎማው ይንሸራተታል። ሁለት ኩንታል ነገር ጭነው ይንዱት፣ ልዩነቱን ያዩታል። ሌላው፣ መንገዱ ሰላም በማይሆንበት ጊዜ ፒክአፕና ሃርድ ቶፕ ከቤት መኪና ይልቅ ዓይን ውስጥ ይገባሉ። እንዲህ ባለ ጊዜ ቆሞ የሚከርም መኪና መግዛት ምን ያደርጋል ብለው ራስዎን ይጠይቁ።

ኢንሹራንስ ይሸፍናል?

የሶስተኛ ወገኑ ግዴታ ነው፤ የራስዎን መኪና ግን አይመለከትም። ሙሉውን ሲገቡ ውሉን አንብበው ወንዝ ውስጥ የደረሰ ጉዳት ይካተት እንደሆነ፣ ከወደቀበት ገደል ለማውጣት የሚወጣው የክሬን ወጪ በማን እንደሆነ በጽሑፍ ያስገቡ። በቃል «አያሳስብዎትም» የሚለው ሰው በኋላ ቢሮው ውስጥ አይገኝም።

እሺ፣ አልገዛም፤ ልከራይ። ሃርድ ቶፕ ስከራይ ምን ልጠይቅ?

ከመኪናው ሾፌሩን ያስቀድሙ፤ የሚሄዱበትን ወረዳ በክረምት ገብቶበት ያውቅ እንደሆነ ይጠይቁት። «መንገድ መንገድ ነው» ካለዎት ሌላ ይፈልጉ። ነዳጅ በማን እንደሆነ፣ አዳር ስንት እንደሚቆጠር፣ ጭቃ ይዞት ቢያድር ያ ቀን በማን ሂሳብ እንደሚያዝ አስቀድመው ይነጋገሩ። ገመድ፣ አካፋ፣ ክሪክና ክሪኩ ጭቃ ላይ እንዳይሰምጥ ከሥሩ የሚገባ ጣውላ መኖሩን ከከተማ ሳይወጡ በዓይንዎ ይዩ። ትርፍ ጎማውንም አስወርደው በእጅዎ ይጫኑት፤ እኔ ሁለት ጊዜ ሽፋኑን ስገልጥ ባዶ ቸርኬ ብቻ ተሰቅሎ አግኝቻለሁ።